ዘይት ታቅፌ የተማርኳቸው የኢንተርኔት ቃላት

ለተከበሩ አቶ ሳምሶን
የበጎ አድራጎት ማኅበሩ የዲጂታል ሥራዎች ኃላፊ
ደብረ ብርሃን

በቅድሚያ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከእጅዎ የማይለየው ካሜራዎም ከዚህ ከተማ ብርድ ተጠብቃችሁ እንደምትገኙ ተስፋ በማድረግ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከወለጋ ተፈናቅዬ እዚሁ መጠለያ የምኖር ገበሬ ስሆን፣ ባለፈው ወር ስለ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ቃላት ለጀማሪዎች በሰጡት ሥልጠና ላይ ኮት ለብሼ ከፊት የተቀመጥኩት ሰው ነኝ። ሥልጠና ተብሎ ስለተጠራሁ ያለችኝን አንድ ኮት አስተኩሼ ነበር የመጣሁት። በመጨረሻም ለእያንዳንዳችን አንድ ጀሪካን ዘይት ሰጥተው ከፍ አድርገን እንድንይዝና ፈገግ እንድንል ሲያዙን፣ ፎቶው ለማኅበሩ ፋይል መስሎኝ ያለኝን ጥርስ ሁሉ አሳየሁ።

በዕለቱ ግልጽ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁን፣ እርስዎን ላለማስቀየም ስንል ያልገባንን ሁሉ ግልጽ ነው ብለናል። ደግነቱ ማኅበርዎ ቃላቱን በተግባር ስላስተማረኝ፣ የገባኝን ለእርማት አቀርባለሁ።

1. ፖስት ማለት የሰውን ፎቶ ሳይጠይቁ "የሚላስ የሚቀመስ ላጡ ወገኖች ደረስንላቸው" ከሚል ጽሑፍ ጋር አገር ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ መለጠፍ ነው። ስለደረሱልን እናመሰግናለን።

2. ኮሜንት ማለት የማያውቁኝ ሰዎች ኮት ለብሶ የሚለምን አየን እያሉ ከሥሩ የሚጽፉት ነው። ልጄ ማርያማዊት ከስልክ እያነበበችልኝ ሳለ መሀል ላይ ኔትወርክ ጠፋ ብላ አቆመች፤ እንዳልጠፋ ሁለታችንም እናውቃለን። ያንን ኮት ለብሼ ቅዳሴ መሄድ አፍሬያለሁ።

3. ፎቶውን ከገጹ ላይ እንዲያነሱልኝ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስለምንዎ፣ ብዙ ላይክ ያገኘ መሆኑን በትሕትና አስረድተውኛል። እንግዲህ ላይክ ማለት ፎቶ እንዳይነሣ የሚያደርግ ነገር ነው።

4. ሼር ማለት ያ ፎቶ ወለጋ ከመሄዴ በፊት የኖርኩበት የትውልድ ቀዬዬ መዘዞ ድረስ ሄዶ፣ በጎረቤት ስልክ ለእናቴ ለወይዘሮ ደመቀች መታየቱ ነው። እኔ ለእናቴ ቤት ተከራይቼ፣ ሥራ ይዤ እኖራለሁ እያልኩ፣ ለየበዓሉ ስኳር በአውቶቡስ እልክላት ነበር። የሰሞኑ ስኳር ሳይፈታ ተመለሰልኝ፤ ከጎኑ ለልጆቼ በሶ ቋጥራበታለች። ስደውልላት ስለ ፎቶው አንዲት ቃል አላነሣችም፤ ልጆቹ በልተው ያድሩ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ። አቶ ሳምሶን፣ ቤቴን ጥዬ ስወጣ እንኳ እንዲህ አላፈርኩም።

ሰዓት ስላለቀ በሥልጠናው ያልደረሱበት አንድ ቃል ዲሊት የሚለው ነው። ይህንንም እንደሌሎቹ በተግባር ቢያስተምሩኝ፣ ለእናቴ ደውዬ ቀና ብዬ ለማውራት እችል ይሆናል።

ከእኔ ከራሴ ይልቅ ለፊቴ ለሚያስበው ማኅበርዎ ያለኝን አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣
ብዙአየሁ ገብረአብ
(በፎቶው ላይ ከግራ ሁለተኛው፣ ባለ ኮቱ)

ግልባጭ፦ ኮሜንት ለሰጣችሁ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ የተመለሰልኝን ስኳር ለማኅበርዎ እርዳታ እንዲሆን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ሲቀበሉ ከፍ አድርገው መያዝም ሆነ ፈገግ ማለት አይጠበቅብዎትም፤ ፎቶ አንሺ አልላክሁም።