ከንፈር በመምጠጤ ተከሰስኩ

ለምወድሽ እታለሜ፣

እንዴት ከርመሻል? ዓይንሽስ እንዴት ነው? የተማሪ ደብተር በደብዛዛ መብራት ማረሙን ትተሻል ወይስ ዛሬም እልኸኛ ነሽ? እማዬን ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? ባልሽ የስፌት መኪናው ጤና ከሆነ እሱም ጤና መሆኑን አውቃለሁና ስለ መኪናው ንገሪኝ። ያቺ ምላሰኛ ልጅሽስ አሁንም መምህሮቿን ታርማለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ወገቤን ትንሽ ያመኛል እንጂ ሌላው አካሌ ሙሉ ነው፤ የናንተ ናፍቆት ብቻ አልቻል ብሎኛል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። መልሱን ያዘገየሁት ንቄሽ እንዳይመስልሽ፤ በዚህ ደብዳቤ ንቀት የሚለውን ቃል ደጋግመሽ ስለምታነቢ ከወዲሁ ልማልልሽ ብዬ ነው። ተማሪዎችሽ «እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሰው ሲንቁ ምን ይላሉ?» ብለው ጠየቁሽ፤ መጽሐፋችሁ ውስጥ ደግሞ ሰላምታና የአየር ጠባይ እንጂ የንቀት ምዕራፍ የለም፤ ስለዚህ ጥያቄውን ለእኔ አሳለፍሽው። ደግ አደረግሽ። ይህን ትምህርት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አንጀቴ እያረረ ነው የተማርኩት።

እኛ ስንንቅ መንደር ይሰማል። «ኤዲያ!» እንላለን፣ ከንፈር እንገለብጣለን፣ ሰውን ከእግር እስከ ራሱ እንገላምጣለን። የተናቀውም መናቁን ስለሚያውቅ እዚያው ይመልሳል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ነገሩ ያልቃል። እዚህ ግን ንቀት ፈገግ ብሎ ነው የሚመጣው። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የፈረቃ አለቃችን ሰውን ሁሉ «የኔ ማር» እያለች ስለምትጠራ፣ በልቤ ማሬ ብዬ ስም አውጥቼላታለሁ። ገና በመጣሁ ሰሞን ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና የአልጋ ልብስ ከቁርስ በፊት ከሚቀየር ከቁርስ በኋላ ቢቀየር ይሻላል አልኩ። ማሬ አንገቷን ዘንበል አድርጋ «ኢንተረስቲንግ» አለች። ሐሳቤን የወደደችው መስሎኝ ሌላ ሁለት ጨመርኩላት! ሰው ሁሉ ጫማ ጫማውን ያያል፤ እኔ እቴ፣ እንደ ተሾመ ሰው ቀጥያለሁ።

ሌላ ቀን የመንጃ ፈቃድ ፈተና ማለፌን ስነግራት «ጉድ ፎር ዩ» ብላ ዓይኗን ወደ ስልኳ መለሰች። ሦስት ጊዜ አመሰገንኳት። የልብስ አጣቢዋ ጓደኛዬ፣ እሷም እንደኔው ከሩቅ የመጣች ሴት ናት፣ ክንዴን ይዛ ከማጠቢያ መኪናዎቹ ኋላ ወሰደችኝና በሰደበችሽ ቁጥር አታመስግኛት አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ከቃሉ ይልቅ ድምፁን ማድመጥ ያዝኩ። «በታላቅ አክብሮት» ብሎ የሚጀምር ሰው አክብሮቱ እዚያው ላይ እንደሚያበቃ ለየሁ። «ባለፈው እንደነገርኩሽ» ማለት ምን ዓይነት ደንቆሮ ነሽ ማለት እንደሆነ ገባኝ። ቃል ከቃል እየነጠሉ፣ ጮክ ብለው እንደ ሕፃን የሚያናግሩኝን ሰዎች ድሮ ስለሚረዱኝ አመሰግናቸው ነበር፤ አሁን አላመሰግንም። ለተማሪዎችሽ የምትነግሪው እንግዲህ ይህንኑ ነው። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የምንለው ሰው እንግሊዝኛም ይናገራል።

ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ ነው እኔው ራሴ በንቀት የተከሰስኩት። አዎ፣ በንቀት! አትሳቂ፤ ለእማዬም ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ሳትጨርሺ አታንብቢላት፣ ትደነግጣለች።

ከማለብሳቸው አረጋውያን አንዱ የመርከብ መሐንዲስ የነበሩ ሰው ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ከሞተር ጋር የኖሩ፣ እጃቸው ብረት የሚፈታ ሰው ነበሩ። አሁን ያ እጅ ይንቀጠቀጣል። ግን የሸሚዛቸውን ቁልፍ ማንም እንዲቆልፍላቸው አይፈልጉም፤ እኔ እጅጌውን አስገባለሁ፣ ቁልፉን እሳቸው ይቆልፋሉ፣ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። በየጠዋቱ ሥርዓታችን ይኸው ነው። አንድ ማክሰኞ ግን ሁለተኛው ቁልፍ ላይ እጃቸው እምቢ አለ። ያስገቡታል፣ ያመልጣቸዋል፤ ያስገቡታል፣ ያመልጣቸዋል። አባባ በመጨረሻው ዓመቱ ማንኪያ መያዝ ሲያቅተው ትዝ አለኝና አንጀቴን በሉት። ሳላስበው ራሴን ነቅንቄ ከንፈሬን መጠጥኩ። ሁለት ጊዜ፣ ልክ እንደ እማዬ፣ በረጅሙ።

ሰውዬው እጃቸውን አወረዱ። ቀና ብለው አዩኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በዚያ ቀን ሸሚዛቸው ሳይቆለፍ ዋለ። ከንፈር መምጠጥ እዚህ ምን ማለት እንደሆነ ማን ነገረኝ? እዚህ ሰው እንዲያ ያለ ድምፅ የሚያሰማው ሲሰለቸውና ሲንቅ ነው፤ ወረፋ ላይ ሳንቲሙን ፈልጎ ያጣ ሽማግሌ ከኋላው የሚሰማው ድምፅ ነው። ስንት የንቀት ዓይነት ለይቼ፣ የራሴ አፍ የሚያወጣውን አላውቅም ነበር። መሐንዲሱ ለልጃቸው ነገሯት፣ ልጃቸው ለአስተዳዳሪው አመለከተች።

በነጋታው አስተዳዳሪው ቢሮ ተጠራሁ። ማሬ በጎን ተቀምጣለች። አንድ ወረቀት ተሰጠኝ፦ አንድን ተጧሪ በንቀት ድምፅ እንዳዋረድኩ አምናለሁ፣ አይደገምም ይላል። ከፈረምኩ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፣ ሥራዬ ይቀጥላል። ካልፈረምኩ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ፤ ኮሚቴው ካባረረኝ ደግሞ ሽማግሌ ያዋረደች ተብላ የተባረረችን ሴት የትኛውም መጦሪያ አይቀበላትም። ማሬ እስክሪብቶውን ወደ እኔ እያስጠጋች ነገሩን ሁላችንም ቶሎ ብንረሳው ደስ ይለኛል አለች።

እስክሪብቶውን አነሳሁት፣ እታለም። አልዋሽሽም፣ አንስቼው ነበር። ከዚያ የተጻፈውን እንደገና አነበብኩት። የእማዬ ልጅ፣ አባባን በማንኪያ ስታጎርስ የኖረች ልጅ፣ ሽማግሌ ንቄአለሁ ብላ በስሟ ልትፈርም! ደሜ ፈላ። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ያን ቀን አሞሌው እኔ ነበርኩ። እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩና ሐሙስ እመጣለሁ አልኩ። አጣቢዋ ጓደኛዬ ስትሰማ ጮኸችብኝ፤ ፈርሚው፣ እኔም አንድ ጊዜ ፈርሜ ተገላግያለሁ፣ ሁሉም ሰው ይፈርማል አለችኝ። ምክሯ ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። አልሰማኋትም።

ስምንት ቀን ተዘጋጀሁ። ለእጥበት በሚላከው ልብስ ዝርዝር ጀርባ ላይ፣ አንቺ በሰሌዳ ባስተማርሽኝ አጫጭር እንግሊዝኛ፣ የምለውን ጻፍኩ። መስታወት ፊት ቆሜ፣ አትክልት እየላጥኩ፣ ደረጃ እየወጣሁ አጠናሁት። አስተርጓሚ እንመድብልሽ ሲሉኝ አልፈልግም አልኩ። በሰው አፍ ቆሜ አልሟገትም።

ሐሙስ ስገባ አስተዳዳሪው፣ ማሬ፣ የመሐንዲሱ ልጅና ራሳቸው መሐንዲሱ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ተቀምጠዋል። መምጣት የለብዎትም ቢባሉ እምቢ ብለው ነው የመጡት። እንዲህ አልኩ፦ ባደግኩበት ቤት ሰው ሲወድቅ፣ ሰው ሲሞት፣ የጎረቤት አህያ እንኳን ስታነክስ እናቴ ከንፈሯን ትመጥጣለች። የሌላው ሕመም አንጀታችን ሲገባ የምናሰማው ድምፅ ነው። እዚህ ሌላ ነገር መሆኑን አላወቅኩም። እኒህን ሰው አሳዝኛቸው ከሆነ ላሳዘንኩበት ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ንቄአለሁ ብዬ ግን አልፈርምም፣ ምክንያቱም አልናቅኩም።

ይኼኔ ማሬ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ያችኑ ፈገግታዋን ፈገግ ብላ፣ እንዴት ደስ የሚል የባህል ታሪክ ነው አለች። ይህን በወረቀቱ አልጻፍኩትም ነበር፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ወደ እሷ ዞርኩና ይኸውልሽ፣ አሁን ያልሽው እዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈው የንቀት ድምፅ ነው፣ የኔ ግን አይደለም አልኳት። አስተዳዳሪው ቆቡ የተወሰደበት ሰው መሰለ። ማሬ ፊቷ ቀላ። አለቀልኝ ብዬ ነበር።

መሐንዲሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ስለዚህ አልናቅሽኝም፣ አዘንሽልኝ» አሉኝ። አዎ አልኩ። «እሱ ይብሳል» አሉ። «ለሚንቀኝ ሰው መልስ አለኝ፣ ለሚያዝንልኝ ግን የለኝም» አሉ። እታለም፣ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ! ስምንት ቀን ሙሉ እውነቴን ይዤ ስለፋ፣ እሳቸው ምን እንደሚያማቸው አንድ ጊዜ እንኳን አልጠየቅኩም። አንገቴን ደፋሁ። ሰውዬው ግን ወደ አስተዳዳሪው ዞረው ወረቀቱን ቅደደው አሉ፣ ልክ ሠራተኛቸው እንደሆነ። ልጃቸው ልትናገር ስትል በእጃቸው ዝም አሰኟት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን ዝም አለች። «ከዚህች ሴት ጋር እቀጥላለሁ» አሉ፤ «ሌሎቹ ቁልፉን ስታገል እያዩኝ ምንም ድምፅ የላቸውም፤ እኔ መኖሬንም የሚያውቁ አይመስለኝም።» አስተዳዳሪው ወረቀቱን አልቀደደውም፣ እንዲያ ዓይነት ሰው አይደለም። ክሱ ተዘግቷል ብሎ ጻፈበትና አንድ ቅጂ ሰጠኝ።

አሁን በየጠዋቱ ከንፈሬን በጥርሴ ነክሼ እጠብቃለሁ። ሦስት ቁልፍ አንዳንዴ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ማሬ አሁን በስሜ ነው የምትጠራኝ፤ የኔ ማር ማለቱ ቀርቷል፣ ተመስገን። ትንቀኝ ትፍራኝ ገና አልለየሁም፣ የሷ ጉዳይ ነው።

ዓርብ ዕለት አጣቢዋ ጓደኛዬ የምግብ ሳጥኗን ከፍታ ከሥሩ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ከሁለት ዓመት በፊት የፈረመችው ነው፤ እንግዳ በንቀት ዓይን እንዳየሁ አምናለሁ ይላል። እንግሊዝኛ ማንበብ ስለማትችል ምን እንደሚል እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር። ከማጠቢያ ክፍሉ ወጥታ አስታማሚ ለመሆን ባመለከተች ቁጥር የሚመልሳት ይህ ወረቀት ነው። ሳነብላት እጇን በሽርጧ ጠረገችና ለዚህ ምን ብዬ ነው የምናገረው አለችኝ። ትናንትና ዛሬ ቁጭ ብለን ጽፈናል። አጭር ነው፣ ሰባት ዓረፍተ ነገር። ነገ ጠዋት ወደ ቢሮው አብሬያት እገባለሁ፤ የምትናገረው ግን እሷ ናት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ልጅሽ ሰው አልናቀችም፣ ተጽፎ በእጇ አለ በያት። ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ የላከልኝ ቀሚስ ወገቡ ልክ ሆኗል። ምላሰኛዋን ጉንጯን ሳሚያት፣ ምላሷንም አትቁረጪባት፣ ይጠቅማታል። ጎረቤታችንን ባለ ወፍጮውን ከነቤተሰቡ ጤና ይስጥልኝ በይ። ተማሪዎችሽንም ሰላም በያቸው። አንቺ ደግሞ መብራት ለውጪ፣ በሞቴ።

እህትሽ

ከመጦሪያው ሠራተኞች ማደሪያ
እሑድ፣ ኅዳር 16 ቀን