ለግብሩ ሲባል መሞቴ

ለወንድሜ ለዛኪር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከረምክ? ባለቤትህ ሬሕማ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? የእማዬ ጉልበት ዘንድሮ ብርዱን ቻለው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። መሞቴን የሰማሁት ባለፈው ጁምዓ ነው።

በስልክ ልመልስልህ ብዬ ነበር፤ እንዳልሳደብ ፈራሁ። በወረቀት ስለገደልከኝም በወረቀት መመለሱ ይሻላል። ደብዳቤውን የምታደርስልህ ወይንሸት ናት። ጦርነቱን እዚህ ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር፣ አንድ ክፍል ውስጥ አብረን አሳልፈናል፤ መኖሬን ከተጠራጠርክ እሷን ጠይቃት።

የላክህልኝን የሞት ምዝገባ ወረቀት ፎቶ ደጋግሜ አነበብኩት። በከተማችን የንግድ ሕንፃ ግብር ተሻሽሎ በገበያ ዋጋ ሊተመን ነው ተባለ። ባለቤቱ ከሞተ ለወራሽ ቅናሽ አለ ሲሉህ፣ የሕንፃው ባለቤት እህቴ ሐምዲያ በካርቱም ጦርነት ሞታለች ብለህ አስመዘገብክ። ከዚያ ደግሞ አይዞሽ እቴ፣ ለግብሩ ብቻ ነው፣ ነገሩ እስኪረሳ ድምፅሽን አጥፊ ትለኛለህ። የሞተ ተጎዳ ሲሉ ለካ ለእኔ ኖሯል።

ያ ሕንፃ እኮ አሥራ ስድስት ዓመት እዚሁ ካርቱም፣ በማንሺያ ሰፈር፣ የሰው ደረጃ አጥቤ የሠራሁት ነው። ሦስቱን ሱቅ አከራይተህ ስትበላ አንድ ቀን ኪራዩን የት አደረስከው ብዬህ አላውቅም። ሱቅ አከራይቶ የሚበላ ሰው ግብር ቢጨመርበት ምን ነውር አለው? ጉሊት ተቀምጣ ቲማቲም የምትሸጠው እንኳ ትከፍላለች። እኔም እከፍል ነበር፣ በሕይወቴ። አሠሪዬ ነዕማት ነገሩን ስነግራት፣ ወላሂ ሟች እንዲህ ምንጣፍ ሲያራግፍ አይቼ አላውቅም ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ኋላ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ከረመዳን በፊት ልገባ፣ በላይኛዋ ክፍል የልብስ ስፌት መኪናዬን ላቆም አስቤ ነበር። አሁን በማን ስም በሩን ላስከፍት? ስለዚህ ሄደህ ዋሽቻለሁ በል። ቅጣቱንም ከሱቆቹ ኪራይ ክፈል። እንቢ ካልክ እኔው መጥቼ መዝጋቢው ፊት እቆማለሁ፤ ያን ጊዜ የምታፍረው አንተ ነህ።

ሬሕማን ሰላም በልልኝ፤ እሷ በዚህ እጇ እንደሌለበት አምናለሁ። ሉጥፊያን አክስትሽ ሳመችሽ በላት። ለጎረቤቶቹ ሰላምታ እንዳልልክ፣ የሙት ሰደቃዬን በልተው ይሆናል።

ስለ እማዬ ምን እንደምልህ ግን ጨነቀኝ። ከምስክሮቹ ፊርማ ሥር ያለው የአውራ ጣት አሻራ የእሷ ነው፤ ማጭድ የቆረጣት ጠባሳ ያስታውቃል። ፊደል እንደማትለይ እኔም አንተም እናውቃለን። ጣቷን ቀለም ስታስነካት ምን ብለሃት ነው? የሐምዲያ የግብር ወረቀት ነው ብለህ አታለሃት ከሆነ፣ በእሷ ምን እፈርዳለሁ። ሞታለች ብለህ አስለቅሰሃት ከሆነ፣ ዛሬውኑ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርገህ ድምፄን አሰማት። መኖሬን እያወቀች አትማ ከሆነ ግን፣ አደራህን አትንገረኝ።

እህትህ ሐምዲያ
ካርቱም፣ ጀሪፍ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.