ቃሌ ሲጎተት

ውድ ባለቤቴ፣

ልብስ ስፌቴን ገፋ አድርጌ፣ ማሽኑ ላይ ተደግፌ ነው የምጽፍልህ። ብዙ ያልነገርኩህ ነገር ተጠራቅሞብኛል።

ሐኪሟ ስኳር እንዳለብኝ የነገረችን ቀን ትዝ ይልሃል? «የጤነኛ ሰው ገላ ራሱን ይጠብቃል» አለች። «ስኳር በደሙ ሲበዛ ያወርደዋል፣ ሲያንስ ካስቀመጠው ያወጣል። ሙቀቱንም ውሃውንም እንዲሁ ይመጥናል፤ ባለቤቱ ልብ እንኳ አይለውም። ያንቺ ግን ማውረዱን ትቷል፤ መርፌ ያስፈልግሻል። ወግተሽ ካልበላሽ ደግሞ ከልኩ በታች ይወርዳል። ከእንግዲህ መጣኟ አንቺ ነሽ።» እኔ አለቀስኩ። አንተ «ሁለት ሆነን እንመጥናለና!» አልካት።

እውነትም መጠንክ። ስኳሬ ሲወርድ ከእኔ ቀድመህ ታውቅ ነበር። ያለ ምክንያት ስነጫነጭ፣ ቃሌ ሲጎተት፣ ጭማቂ ይዘህ ከች ትላለህ።

«አልወረደብኝም! የምሬን ነው የተናደድኩት!»

«ጠጪና ተናደጂ። የትም አልሄድም።»

ሄድክ እንጂ።

የቀብርህ ዕለት ጠዋት መርፌዬን ወጋሁ፤ እህል ግን አልወርድ አለኝ። ቤት እንደተመለስን ላብ አጠመቀኝ፣ ቃሌ ተጎተተ። ከሰው መሐል ተነስቼ ጮህኩ፤ ያቺን ደግ ጎረቤታችንን ሰደብኳት። «ተዉአት፣ ይውጣላት፤ የባል ሀዘን ነው» አሉ። እኔም ሀዘኑ መስሎኝ ነበር። ዓይኔ ሲጨልም በዚያ ሁሉ ሰው መሐል የፈለግኩት አንተን ነው።

እናትህ ሰው እየገፉ መጡ። «ልጄን ቀማችኝ» ብለው ስንት ዓመት ያኮረፉኝ እናትህ! አገጬን ይዘው፣ «ዞር በሉ! ይሄ ለቅሶ አይደለም፣ ስኳሯ ወርዷል!» አሉ። ስኳር የበዛበት ውሃ በማንኪያ አጠጡኝ። ነፍስ ስዘራ «እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«እሱ ነዋ። ሆስፒታል ተኝቶ፣ መናገር እያቃተው፣ ‹ቃሏ ሲጎተት አትቀየሚያት እማዬ፣ የሚጣፍጥ ነገር ስጪያት› ይለኝ ነበር።» ከዚያ ጉልበቴ ላይ ተደፍተው እሳቸውም አለቀሱ።

አሁን አብረን ነው የምንኖረው። ትናንት በሆነው ባልሆነው ተቆጣኋቸው። ትኩር ብለው አይተውኝ «በልተሻል?» አሉኝ።

«በልቻለሁ እማማ። ስኳሬም ደህና ነው። እሱ ናፍቆኝ ነው።»

«እሱንስ እኔም አልቻልኩት» አሉና ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ።

አንተ እረፍ። እኛ እንበላለን።

ነጭናጫዋ ሚስትህ