ከናይሮቢ የመጣችው እንግዳህ

ጎንደር፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለማንያዘዋል፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ። ሥርጉትም ባሕር ዳር ትምህርቷ ላይ ናት፤ ትናንት ደውላ "አባባ ምነው ስልክ አያነሣም?" አለችኝ፣ ሥራ በዝቶበት ነው አልኋት። እናትህም መካነ ብርሃን ደህና ናቸው፤ ከዚያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሰላምታቸውን ያደርስልኛል።

ወረቀት ያነሣሁት ስልክህን ስለዘጋኸው ነው። ፖስታውን በሙጫ አሽጌዋለሁ። ጠርዙ ተቀድዶ ከደረሰህ የከፈተችው ሄለን ናት፤ የምታመጣልህ እሷው ናትና። አማርኛ እናገራለሁ እንጂ ማንበብ አልችልም ብላኛለች። እንጃ። ሰሞኑን የሚነገረኝን ሁሉ ማመን ትቻለሁ።

"አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ጎንደርን ልታይ ትመጣለች፤ አባቷ ኬንያዊ፣ እናቷ የኛ ሀገር ሰው ናት። አንድ ቀን አስጎብኚልኝ" ብለህ ከናይሮቢ ስትደውል ደስ ብሎኝ ነበር። እንግዳ መቀበል መች ይከብደኛል? ያጠራጠረኝ ቀጥለህ ያልኸው ነው። "እህቱ ካለችሽ አትገረሚ፤ እነሱ ሀገር ሁሉም እህት ነው የሚባባለው። ብዙም አታውሪያት፣ አማርኛዋ ደካማ ነው" አልኸኝ። ማንም ሳይጠይቅህ ይህን ሁሉ ስታስረዳኝ፣ ስልኩን ዘግቼ እንኳ ከእጄ ሳላወርደው ቆምሁ። አንተ ነገር የምታስረዝመው የምትደብቀው ሲኖርህ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ከሆቴሏ በር ላይ ስታየኝ ሮጣ አቀፈችኝ። ሸጋ ልጅ ናት፣ ሳቋ ቅርብ ነው። "እትዬ እናኑ! በፎቶ አውቅሻለሁ" አለችኝ። የትኛው ፎቶ ነው ብላት ከስልኳ አወጣችልኝ። ሥርጉት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰች ጊዜ ሦስታችን የተነሣነው ነው። አንተ የለህበትም፤ ተቆርጠህ ወጥተሃል። ትከሻዬ ላይ ያሳረፍኸው እጅህ ብቻ ቀርቷል። "የማን እጅ ነው?" አልኋት፣ የምትለውን ልስማ ብዬ። "እንጃ፣ የዘመድ ይሆናል" አለችኝ።

ፋሲል ግቢ ገባን። የማውቀውን ያህል ስለ ነገሥታቱ ነገርኋት። ፎቶ ታነሣለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ግን ከግንቡ ይልቅ የምታየው እኔን ነበር። ደረጃውን ስንወርድ "ማንያዘዋል ቢሆን እዚህ ጋ ጉልበቱን ይዞ ይቀመጥ ነበር" ብላ ሳቀች። "ጠዋት ሲነሣም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሳያሸው አይቆምም" አለችኝ። የሥራ ጓደኛ ይህን ከየት ታየዋለች? ከዚያ ወዲያ እኔም ግንቡን ማሳየት ትቼ እሷን ማየት ያዝሁ።

ቀሐ፣ የፋሲል መዋኛ የሄድነው በባጃጅ ነው። የጥምቀት ሰው ገና መበተኑ ስለሆነ ገንዳው ውኃ እንደያዘ ነው። ግድግዳውን ያቀፉት የዛፍ ሥሮች ሥር ጥላ ይዘን ተቀመጥን። ድንገት እጄን ያዘችኝና፣

"ባልሽ ከሞተ በኋላ ልጅ ብቻሽን ማሳደግ ከብዶሽ ይሆናል" አለችኝ።

"ባሌ ሞቷል ያለሽ ማን ነው?"

"ወንድምሽ ነዋ። ማንያዘዋል። የእህቴን ልጅ የማስተምረው እኔ ነኝ ይለኛል። እኔም የወደድሁት ለዚህ ነው፤ ለእህቱ እንዲህ የሚሆን ሰው ለሚስቱ እንዴት ይሆናል ብዬ።"

"እሱስ ሚስት የለውም?"

"ኧረ አላገባም! ከፋሲካ በኋላ እንጋባለን። አልነገረሽም እንዴ? አንቺ እንድትመርቂኝ ብዬ ነው እኮ የመጣሁት። እሱ አሁን አትሂጂ ብሎኝ ነበር።"

ማንያዘዋል፣ በዚያች ሰዓት ልናገር እችል ነበር። ግን አውቃ የምታስመስል፣ ልትፈትነኝ የመጣች መሰለችኝ። ስለዚህ ነጠላዬን አራግፌ ተነሣሁ። "ተነሽ፣ ወለቃ የሸክላ ሥራ ላሳይሽ" አልኋት።

ወለቃ መንገድ ዳር የማውቃት ሸክላ ሠሪ ሽታዬ እንደወትሮዋ ሸክላዋን ደርድራ ተቀምጣለች። ሄለን ተቃቅፈው የተቀመጡ ባልና ሚስት የሚያሳይ ትንሽ ሸክላ አነሣች። "ይህን ለቤታችን እወስዳለሁ" አለችኝ። ሽታዬ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

"እናንዬ! ምነው ጠፋሽ? ባልሽ ደህና ነው? አያ ማንያዘዋል ከኬንያ የሚመጣው መቼ ነው?"

ሄለን ሸክላውን አልጣለችውም። ቀስ ብላ ከነበረበት መለሰችው።

"ባልሽ?" አለችኝ።

"አዎ፣ ባሌ።"

"የሞተውስ?"

"የሞተ የለም። እሱ ራሱ ነው።"

እውነቱን ልንገርህ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጠርጥሬያታለሁ። ፊቷ አመድ መስሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ ስትል ግን የማታውቅ መሆኗን አየሁ። ሽታዬ ውኃ ሰጠቻት። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ድምፁን ከፍታ ደወለችልህ። ያልኸውን ታውቃለህ። "የኔ ቆንጆ፣ እህቴ እንዴት ተቀበለችሽ?" አልህ። እኔን በሰው ፊት እንዲህ ብለኸኝ አታውቅም። ጠጋ ብዬ "በደንብ ተቀብያታለሁ፣ ማንያዘዋል" አልሁ። ከምትሠራበት ጋራዥ ብረት ሲቀጠቀጥ ብቻ ተሰማኝ። ዘጋኸው።

ከወለቃ በባጃጅ ተመለስን። ሆቴሏ በር ስንደርስ ብቻዋን ልተዋት ሆዴ አልቻለም፤ በሰው ሀገር ናት። ሻንጣዋን አስወጥቼ ቤት ወሰድኋት፣ ሥርጉት አልጋ ላይ አስተኛኋት። ሣጥኑን ግን ቆለፍሁ፤ ቁልፉን ትራሴ ሥር አደረግሁ። ጠዋት ዓይኗ አብጦ ተነሣች፣ የሠርጋችንን ፎቶ አሳዪኝ አለችኝ። ብዙ አየችውና "ቆንጆ ነበርሽ" አለችኝ። አማርኛዋ ደክሞ ነው ወይስ አውቃ? እሱንም እንጃ።

ከሱ ጋር ያለኝ ነገር አብቅቷል ትላለች። ደብዳቤውን ሰጥታህ ዕቃዋን ይዛ እንደምትወጣ በእመቤቴ ስም ምላልኛለች። ፊትህን ስታይ ምን እንደምትል እግዜር ይወቀው። አንተም ይህን ስታነብ ምን ብለህ እንደምትጽፍልኝ ከወዲሁ እገምታለሁ፤ ብቸኝነት ነው፣ ሰው ሀገር ነው ትለኛለህ። አትጻፍልኝ።

ለእናትህ አልነገርኋቸውም። ለሥርጉትም አልነገርኋትም፤ የምትነግራት አንተ ነህ። ሰኔ ላይ ትመረቃለች። ከፈለግህ አባቷ ሆነህ ና፣ በሩ ክፍት ነው። አጎቷ ሆነህ ግን አትምጣ።

ሄለን የናይሮቢ ክረምት ብርዱ ከባድ ነው አለችኝ። ከደብዳቤው ጋር ሹራብ ልኬልሃለሁ። የላክሁት ተሠርቶ ስላለቀ ነው፣ ሌላ ነገር አይምሰልህ፤ ካልፈለግኸው ለሰው ስጠው። ክንዱን ትንሽ ረዘም አድርጌዋለሁ፣ የአምናው አጥሮኛል ብለህ ነበር።

የደብረ ብርሃን ሥላሴ ካለህበት ይጠብቁህ፣ ልቡናህንም ይመልሱልህ።

እናኑ