ስለ ልጅሽና ስለ ቢጫዎቹ መጻሕፍት

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሲነሳብሽ የነበረው የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? እንቅልፍሽስ? የልብስ እጥበት ቤቱ እንፋሎት ዓይኔን ያቃጥለኛል ብለሽ ጽፈሽ ነበር፤ ሐኪም አየሽ ወይስ እንደ ልማድሽ "ይተወኛል" እያልሽ ነው? እኛ በአካል ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለብኝም። ልጅሽም ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ቁመቷም ጨምሯል። ደህና ናት ብዬ ግን መጻፍ አልቻልኩም። ደብዳቤዬ የዘገየው ለዚህ ነው፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። የላክሻቸው አራት ካርቶን የልጆች መጻሕፍት በደህና ደርሰዋል፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ትምህርት ቤቱ የተሰበረ ወንበር ይታጎርበት የነበረውን ክፍል ሰጠኝ። ጡረተኛ ሥራ ሲያገኝ ታውቂዋለሽ፤ ጠረግሁ፣ መደርደሪያ አስመታሁ፣ እያንዳንዱን መጽሐፍ አንብቤ በክብደቱ ለየሁ። ቀላሎቹ ጀርባ ላይ ቢጫ ወረቀት፣ መካከለኞቹ ላይ ሰማያዊ፣ ከባዶቹ ላይ ቀይ ለጠፍኩ። ልጅ ከተመደበለት ቀለም ውጭ አይወስድም። ከፍ ማለት የፈለገ በክፍሉ ልጆች ፊት አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሰሚዎቹ በእያንዳንዱ ስህተት አንድ ጣት ያነሳሉ፤ አምስት ጣት ከሞላ ወደነበረበት ይመለሳል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም ነበር።

ልጅሽ አራተኛ ክፍል ሆና ቢጫ ላይ ወደቀች። በመመደቢያው ንባብ ዘጠኝ ቃል ሳተች። የእህቴ ልጅ ናት ብዬ ባዳላ ነገ ማን ይሰማኛል አልኩና ከአንደኛ ክፍሎቹ ጋር አጭሩ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳት፤ ጉልበቷ አገጯ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ልጆቹ "ቢጫ ወባ" የሚል ስም አወጡላት። "ዞር በሉ፣ ወባዋ መጣች! የነካችውን መጽሐፍ እንዳትነኩ፣ ይይዛችኋል!" እያሉ ሲሸሿት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልገሠጽኳቸውም፤ እልህ ይይዛትና ታነባለች ብዬ ነው።

አራት ወር እንዲህ ሄደ። ከጥር አጋማሽ በኋላ መደርደሪያውን ስፈትሽ አንድ ሰማያዊ መጽሐፍ በላዩ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበት አገኘሁ። ሰዓት ስለምትጠግን ልጅ የሚያወራ መጽሐፍ ነው። ማን ወስዶት እንደነበር የውሰት ካርዱ ላይ አለ፤ ልጅሽ ናት። ልጅሽን ክፍል ውስጥ አስነሳኋትና "በይ ከቻልሽ አንብቢው፣ ሰማያዊ ትገቢያለሽ" አልኳት። ዕድል የሰጠኋት መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን መስመር በደህና አነበበች። ሁለተኛው ላይ አንድ ቃል ስትስት አርባ ጣት ተነሳ። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ቃል በቃል እየሳተች ሄደች፤ ስሟን ብትጠየቅ እንኳ የምትመልስ አልመሰለኝም። "ሞላ! አምስት ሞላ!" ብለው ጮኹ። ከኋላ አንዱ "እጅ አበድሩኝ፣ የኔ ጣት አልቋል!" አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እህቴ፣ አልዋሽሽም፣ እኔም ፈገግ ብዬ ነበር። እሷ ያየችው እሱን ነው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት መጻሕፍት ክፍሉ ገብታ ከሁሉም መጻሕፍት ላይ ወረቀቱን ላጠችው። ሙጫው የጠነከረባትን አሥራ ዘጠኝ መጽሐፍ ጀርባውን ቦጭቃዋለች። ርዕሰ መምህሩ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ያየ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ጥፍሯ ሥር ቢጫ ወረቀት አይቼ ነበርና ተናገርኩ። ማንም አላስገደደኝም። እሱም በጠዋት ሰልፍ ላይ በተማሪው ሁሉ ፊት የይቅርታ ጽሑፍ ካላነበበች ክፍል አትገባም ብሎ ወሰነ።

ማታ ለባለቤቴ ስነግራት "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" አለችኝ። ቀጥላ የማላውቀውን ነገረችኝ። ልጅሽ ያንን የሰዓት ጠጋኟን መጽሐፍ ለብቻዋ ከዳር እስከ ዳር ጨርሳ፣ ታሪኩን አንድም ሳታስቀር ተርካላት ኖሯል። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" ብላት፣ "ልትቆጥርባት?" አለች። ማንበብማ ታነባለች። አራት ወር ሙሉ ስለካው የኖርኩት ፍርሃቷን ነው።

ቅጣቱ ይነሳላት ብዬ ርዕሰ መምህሩን ልለምን ሄድኩ። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ በማርፈዱ በየጠዋቱ ከበር የምመልሰው ያ "አርፋጁ" የምንለው ልጅ፣ ታስታውሽዋለሽ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። "ጋሼ፣ ሕግ ለአንድ ሰው ከላላ ለሁሉም ላልቷል ይሉን የነበሩት እርስዎ አይደሉም?" አለኝ በትሕትና። ቀለሞቹስ ቢቀሩ ስለው ደግሞ ሳቀ። "ኧረ ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ግሩም ዘዴ!" አሁን ሌላ መምህር እየለጠፈው ነው፤ በማይላጥ ሙጫ።

ይኸው ልጅሽ ቤት ከዋለች ሦስት ሳምንቷ ነው። ይቅርታውን አላነብም ብላለች፤ እኔም አላስገድዳትም። ከድልድዩ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት በሚመጣው ወር ሊቀበላት ፈቅዷል፤ የእናት ፈቃድ ግን በጽሑፍ ይፈልጋሉ። ወይ እሱን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ወይ ልጄን ወደኔ ላካት በዪኝ። እኔ ጋ ትቆይ ለማለት አፍ የለኝም። አደራሽን በልቻለሁ።

ባለቤቴ ዓይንሽን ስማልሻለች። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ሰላም ብላሻለች፤ የላክሽላት መቀስ እስካሁን አልደነዘም። የታላቅ ወንድማችን ልጆችም በያሉበት ናፍቀውሻል። ርዕሰ መምህሩም "ስለ መጻሕፍቱ አመስግኑልኝ" ብሏል፤ መልእክት ነውና አደረስኩ።

ልጅሽን ከግርጌ አንድ መስመር ለእናትሽ ጻፊ ብዬ እስክሪብቶ ሰጠኋት። "ብሳሳትስ?" አለችኝ። "ለእናትሽ ስትጽፊ ማን ስህተት ይቆጥራል?" አልኳት። ፊቴን አየት አደረገችና እስክሪብቶውን መለሰችልኝ። ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።

ወንድምሽ

ከቤት፣ የካቲት 14 ቀን