የሰቢሃ ስክሪን ብቻ ለምን?

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

የአረብ አገሩ ሙቀት በረድ ብሏል። ከቤቴ እስከ አል ዛሂያ ቢሮ በእግሬ ሄድኩ፣ ሳልቀልጥም ደረስኩ። ጠዋት የይለፍ ቃል የረሱ ሰዎች፣ ከዚያ ወረቀት የነከሰ ፕሪንተር። የተለመደው።

ከሰዓት በኋላ ከአል አይን ቅርንጫፍ ሰቢሃ ደወለች፣ የሕክምና ቀጠሮ በስልክ የምትይዘው የከሚሴዋ ሴት። «ሙንተሃዬ፣ ይኸው ደግሞ እምቢ አለኝ።» ሰላት ሰግዳ ስትመለስ ስክሪኑ ተከፍቶላታል፣ ኔትወርክ ግን የለም። ከአጠገቧ ያሉት ሁሉ ይሠራሉ። የሷ ብቻ...

የሥራ ባልደረባዬ እሸቱ ከጎኔ ሆኖ ኪቦርዱን ነካ ነካ አደረገ፣ ተስተካከለ።

«ምን አደረግህ?»

«አጸዳሁት።»

«ምኑን?»

«አንቺ ደግሞ! ሠራ አይደል?»

ሠርቷል። ግን ምኑን ነው ያጸዳው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

እዚህ የኮምፒውተር ጥገና ቡድን ከገባሁ ገና ነው፤ ስለዚህ ሞኝ ጥያቄ መጠየቅ ይፈቀድልኛል። እሸቱን ነዝንዤ አስነገርኩት።

የቢሮ ሰዎቻችን ጠረጴዛ ላይ ያለው ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ ቨርቹዋል ነው፣ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ። ሲነሳ መጀመሪያ የኔትወርክ አድራሻ ይጠይቃል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። የሚሰጠው ካጣ ከራሱ አንድ ይፈጥራል፣ በ169.254 የሚጀምር። ያንን ይዞ የትም አይደርስም። ሰቢሃ ጋ የሚታየው እሱ ነው።

እሸቱ የሚያጸዳው ደግሞ የተሰጡትን አድራሻዎች ዝርዝር ነው። ሲሞላ ያጸዳል።

«ለምን ይሞላል?»

«ስለሚሞላ።»

ጎበዝ! አል አይን ያሉት ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ አድራሻው ደግሞ ከነሱ ብዙ እጥፍ ነው። ማን ጨረሰው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ኬብል ይሆን? አስቀየርኩት። አይደለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሥራ አስኪያጃችን ሪያድ አስጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው። «ወንበር ቀየርንላት። እዚያም ሄዳ የሷ ብቻ ይበላሻል። እና ችግሩ ማሽኑ ነው ሴትየዋ?»

የሰቢሃ የሙከራ ጊዜ በኦክቶበር መጨረሻ፣ ጥቅምት 21፣ ያልቃል። የሚፈርመው እሱ ነው። ካልፈረመ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ይሰረዛል። ከዚያ ወይ አገሯ፣ ወይ ተመልሳ ሰው ቤት። ስንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ በእረፍት ቀኗ ኮምፒውተር ተምራ ነው እዚህ የደረሰችው!

ተናደድኩ። ግን ደግሞ... ወንበር ስትቀይርም ችግሩ ከተከተላት፣ እውነትም ከሷ የሚመጣ ነገር አለ ማለት ነው። ምን ሊሆን ይችላል? አፍሬ ነው የምጽፈው፣ ጥያቄው ደስ አለኝ።

ሰኞ ሄጄ ልይ አልኩት። ሂጂ አለ።

አርብ፣ ጥቅምት 7

ሰቢሃ ደወለች። ወሬው ደርሷታል። «እኔ ምንም አልነካሁም፣ ወላሂ።»

«አውቃለሁ» አልኳት። አላውቅም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

አል አይን። አውቶቡሱ ውስጥ የኤሲው ብርድ ሻርፕ ያስደርባል። ሰቢሃ በር ላይ ጠበቀችኝ። ገና ሰላም ሳንባባል «ቁርስ በልተሻል?» በልቻለሁ ብላት አላመነችኝም፣ ሳምቡሳ አስጨበጠችኝ።

አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አንዲት ልጅ ከአንድ ቪላ ደውላ ታለቅሳለች፤ ጥርሷን አሟታል፣ ማዳሟ የምትፈቅድላት ሐሙስ ብቻ ነው። ሰቢሃ «አብሽሪ እህቴ፣ ሐሙስ ጠዋት ይዤልሻለሁ። ማዳምሽ ከጠየቀችሽ እኔን ታነጋግረኝ» አለቻት። ይቺን ሴት ነው የሚያሰናብቱት?

ከዚያ ሻይ ልታመጣ ተነሳች። ፕሮግራሙን ዘጋች። ሎግ አውት አደረገች። ስክሪኑን አጠፋች፣ የጠረጴዛዋን መብራት አጠፋች፣ ወንበሯን አስገባች። ለሻይ! ተመልሳ ሁሉንም እንደገና ከፈተች። ሽንት ቤት ስትሄድ ያው። ለሰላት ያው። ጎረቤቷ ሰዓዲያ ግን ሎክ ብቻ አድርጋ፣ የከፈተችውን ሳትዘጋ ስክሪኑን ቆልፋ፣ ትሄዳለች፤ ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ እንኳ አትዘጋውም።

«እትዬ ሰቢሃ፣ ሁሌ እንዲህ ነሽ?»

«ታዲያ ክፍት ትቼው ልሂድ?» ደነገጠች። «ማዳም ቤት መብራት ሳላጠፋ፣ ኤሲ ሳላጠፋ ከክፍል ወጥቼ አላውቅም። ከኋላዬ ዕቃ አይገኝም። የተውኩትን ነገር ተመልሼ አግኝቼውም አላውቅ፣ ሰው ያነሳዋል። አሁንማ እጄ ራሱ ነው የሚያጠፋው።»

ከጠዋቱ የተረፈኝ ሳምቡሳ አፌ ውስጥ ቀረ።

ሎግ አውት ሲደረግ ያ ቨርቹዋል ማሽን ይሰረዛል! ለሚቀጥለው ሰው አዲስ ይሠራል፣ አዲሱም አዲስ አድራሻ ይወስዳል። የተሰረዘው ማሽን አድራሻስ? ለስምንት ቀን በስሙ እንደተያዘ ይቆያል። ለሰቢሃ በቤድ ስፔስ፣ በጋራ ክፍል ውስጥ በሚከራይ አልጋ፣ አስረዳኋት። «ሰውየው አልጋውን ለቆ አገሩ ገብቷል። አከራዩ ግን ለስምንት ቀን በስሙ ይዞለታል። አዲስ ሰው ሲመጣ አልጋው ባዶ ነው፣ ግን ተይዟል።»

«እኔ በቀን ስንቱን አልጋ ነው የማስይዘው?» ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። «እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው።»

ለምን የሷ ብቻ እንደሚበላሽም ገባኝ። እነሰዓዲያ አይዘጉም፣ ስለዚህ አዲስ አድራሻ አይጠይቁም። ሲያልቅ ቀድማ ባዶ እጇን የምትቀረው ደጋግማ የምትጠይቀው ናት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዝርዝሩን ከፈትኩት። አብዛኛው በተሰረዙ ማሽኖች ስም የተያዘ ነው። ራሴ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ወጣሁ። በገባሁ ቁጥር አንድ ይጨምራል። እንደ ሕፃን ነው ያጨበጨብኩት።

ከዚያ ደስታዬ በረደ። ይሄን ስነግረው ሪያድ «ሴትየዋ ናት አላልኩም?» ይላል። ውሸትም አይደለም። ግን ስምንት ቀን ያለው ማነው? እኛው ነን። ቋሚ ኮምፒውተር በነበረን ጊዜ ተወስኖ፣ ወደ ቨርቹዋሉ ስንዞር ዞር ብሎ ያየው የለም።

እሸቱ «ስሟን ምን ያስነሳሻል? ዝርዝሩ ሞልቶ ነበር፣ ቀኑን አሳጠርነው በይና ገላግዪን» አለኝ። ልቤ ወደዚያው አደላ... ግን ስሟ ሳይነሳ እንዴት ነው ስሟ የሚጸዳው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሪያድን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። እንደፈራሁትም «ስለዚህ ሴትየዋ ናት» አለ።

«አዎ፣ እሷ ናት። መመሪያችን ስክሪን ክፍት ትታችሁ አትነሱ ይላል። ሎክ ማድረግም እንደሚበቃ ማንም አላስተማራትም። እና ጨርሳ ትዘጋለች። ከሁላችንም ይልቅ የምትጠነቀቀው እሷ ናት፣ የምትቀጣውም እሷ ናት።» የእንግሊዝኛዬ ሰዋስው የት እንደገባ እንጃ።

በመስታወቱ በኩል ወደ ቢሮው አየ። የሱ ስክሪን ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ኢሜይሉ ከኮሪደር ይነበባል። እኔም አየሁ። ሁለታችንም እንዳላየን ሆንን።

«ከስምንት ቀን ወደ ስንት ይውረድ?» አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

እሸቱ ወደ አንድ ሰዓት አወረደው። የተሰረዘ ማሽን አድራሻ ሰዓቱ ሲሞላ ይለቀቃል። «እንግዲህ የማጸዳው የለኝም» አለ፤ ቅር ያለው መሰለኝ።

ለሰቢሃ ደወልኩ። እንደፈለግሽ አጥፊ፣ ከፈለግሽም ሎክ ይበቃል አልኳት። «ኧረ እኔ አጠፋለሁ» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ከአል አይን ማንም አልደወለም። ዝርዝሩን ግን በየመሀሉ ከፍቼ አያለሁ። ሲሞላ፣ ሲለቀቅ፣ ሲሞላ... ለምን እንደሚያስደስተኝ እንጃ።

አርብ፣ ጥቅምት 21

ሪያድ ፈርሟል። እሸቱ ነው የነገረኝ፣ ራሱ የፈረመ ይመስል እየተንጎራደደ።

ከሰዓት ሰቢሃ ደወለች። እንኳን ደስ አለሽ ልላት አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ።

«እሱስ አልሐምዱሊላህ። ሌላ ነገር ልነግርሽ ነው። ዛሬ ለዙህር ስነሳ ሎክ ብቻ አደረግኩት።»

«አንቺ?»

«እኔ! መብራቱንም ተውኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እየሰገድኩ ልቤ እዚያው ነበር። የአንዲቷን ልጅ ስም ግማሹን ጽፌ ነው የተነሳሁት። ስመለስ፣ ሙንተሃዬ... ግማሹ እዚያው ቁጭ ብሏል።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«ማንም አልነካውም» አለችኝ።