ከክዳኑ ውስጥ ያለው ምልክት

ሞስኮ፣ ኢዝማይሎቮ
እሑድ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2018

ለምወድሽ ልጄ ለታያ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ቢየል ከተማ ከስዊስ ሰዓት ሠሪዎች ጋር መሥራት እንደጀመርሽ ግላሻ ነገረችኝ። ገበያው ላይ ከጎኔ የሻይ ማፍያ ሳሞቫር እየሸጠች አምስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤሽን ስትቀበል ኖራለች። አልተቀየምኩም።

ባለፈው ሳምንት ከአንዲት መበለት ክሮኖግራፍ የሚባለውን የሶቪየት የእጅ ሰዓት ገዛሁ። እንደ ልማዴ ከፈትኩት። ሰዓት ሠሪዎች ሲጠግኑ ክዳኑ ውስጥ የሚጭሩትን ምልክትና ቀን ፍቄ ላጠፋ ነበር፤ እጅ ያልነካው ሲመስል ገዢ ይወደዋል። በአጉሊ መነጽር ሳየው «ታ. 12.10.13» ይላል። የሄድሽ ዕለት ጠዋት የጠገንሽው ሰዓት ነው።

ማስታወሻ ደብተሬን አገላበጥኩ። የዚያን ቀን «ዝናብ። ታያ ሄደች» ብቻ ብያለሁ። ለደንበኛዬ «የሰዓቱ ፊት እንደገና የተቀባ ነው» ብለሽ እውነቱን ስለነገርሽው፣ በሰው ፊት «ከዚህ ጥፊ!» ማለቴን አልጻፍኩም።

ትናንት አሮጌ ሰዓት የሚሰበስበው ማራት ከካዛን መጣና ክሮኖግራፉን አነሳ።

«ጋሽ ዛካር፣ ይሄ እኮ የስዊስ ቅጂ ነው፤ ቀንስ!»

«ማሽኖቹን ከስዊሶች ገዝተን ነው የሠራነው። ልጅ አባቱን ቢመስል ቅጂ ይባላል?»

«እሺ፣ ጭረቱን አጥፋልኝና ልውሰደው።»

«አይጠፋም።»

«አሞሃል እንዴ?»

ግላሻ ከሳሞቫሮቿ መሃል «ዛካር ገዢ ሲመልስ አየሁ! ዛሬስ በረዶ ይጥላል!» አለች።

ማራት ሌላ አነሳ። «ይሄስ?»

«ፊቱ እንደገና የተቀባ ነው» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝና ሳቀ። ሦስተኛውን ግን ምንም ሳይጠይቅ ገዛ። ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ አመሰግንሻለሁ። የዚያን ቀን ማለት ነበረብኝ።

ክሮኖግራፉን አልሸጥኩም። በፖስታም አልልከውም፤ መንገድ ያንገላታዋል። እንዲህ ያለ ሰዓት በአምስት ዓመት አንዴ ተከፍቶ መጽዳት እንዳለበት ታውቂያለሽ። ከትናንት ወዲያ አምስት ዓመት ሞላው። እኔም ላጸዳው እችል ነበር፤ ግን ከምልክትሽ ሥር ያለው ቦታ ለሌላ ሰው እጅ አይሆንም።

እጅሽ አይንቀጥቀጥ፣ ዓይንሽ አይድከም፣ የምትነኪው ሁሉ ይሂድልሽ። ወንበርሽ ዛሬም መስኮቱ አጠገብ ነው።

አባትሽ
ዛካር